አሮጌው ኢንቨርተሬ በቀን ስንት ያስገባል? የአሥር ወር የዲሲ ሜትር ልምዴ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ባለ 250 ዋት አራት ፓኔሎች አሉን። ከታች ባለ 24 ቮልት አሮጌ ኢንቨርተርና ሁለት ባለ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች ተቀምጠዋል። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይረው) ስምንት ዓመት አልፎታል። ዋይፋይ የለውም፤ ትናንት ስንት እንዳመረተ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ስክሪኑ የሚያሳየው የባትሪውን አራት ሰረዝና የጭነቱን መቶኛ ብቻ ነው። ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ናት፤ መብራት ሲጠፋ የልብስ ስፌት መኪናዋና ካውያዋ የሚሠሩት በዚህ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

መስከረም ላይ ባትሪው ማታ 3 ሰዓት ሳይሆን ይጮህ ጀመር። ያየው ባለሙያ ሁሉ "ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው" አለኝ። ለሁለት ባትሪ የሚወጣውን ብር ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። ከማውጣቴ በፊት ከጣሪያው የሚወርደውን ልለካ አልኩና አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ከነሻንቱ የቻይና ዲሲ (ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣውን ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ) ሜትር ገዝቶ ላከልኝ። ቮልት፣ አምፒር፣ ዋትና የተጠራቀመ ኪሎዋት ሰዓት ያሳያል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ አስገጠምኩት፤ ይኸው አሥር ወር ሞላው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሻንቱ መጠኑ የታወቀ እጅግ አነስተኛ ሬዚስታንስ ያለው የብረት ቁራጭ ነው፤ የእኔው 100 አምፒር ሲያልፍበት 75 ሚሊቮልት ያወጣል። ሜትሩ ያቺን ሚሊቮልት አንብቦ አምፒሩን ያሰላል። ሻንቱ የሚገባው ከፓኔል በሚመጣው ኔጋቲቭ ሽቦ ላይ ነው። መጀመሪያ የገጠመልኝ ልጅ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች አገላብጦ ስላሰራቸው ሁለት ቀን ሙሉ ዜሮ አነበበ፤ ሲቀያየሩ ተስተካከለ። አንድ ነገር አደራ፦ ይህ ሜትር የሚችለው እስከ 100 ቮልት ነው። የእኔ ፓኔሎች ጎን ለጎን ስለተያያዙ ጭነት በሌለበት እንኳ 37 ቮልት ገደማ ላይ ይቆማሉ። ፓኔሎቻችሁ በተከታታይ ተያይዘው መቶዎችን የሚሰጡ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት፤ ለሜትሩም ለእናንተም አደጋ ነው።

ልኩን ለማረጋገጥ የዲሲ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ ከላዩ ቆንጥጦ አምፒር የሚለካ) ተውሼ አስተያየሁት። ክላምፑ 22.6 አምፒር ሲል ይህ 22.3 አለ። ለቤት ይበቃል።

ልጄ በየቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ የትናንቱን ትቀንሳለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አማካዩ 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥቅምትና በኅዳር ይህ ያንሳል። በየሰዓቱ ስንከታተለው ጉዱ ወጣ፤ 8 ሰዓት ተኩል ላይ 24 አምፒር የነበረው 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን 11 ይሆናል። ፀሐይዋ ግን ያው ናት። ጣሪያ ላይ ስወጣ የጎረቤታችን የማንጎ ጥላ ሁለቱን ፓኔሎች በጠርዝ በኩል ነክቷቸዋል፣ ከፓኔሉ ሲሶውን እንኳ አልሸፈነም።

ሁለት ሙሉ ፓኔል ለምን እንደጠፋ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የፓኔሉ 60 ሴሎች በሰንሰለት የተያያዙ፣ በሦስት ክፍል የተመደቡ ናቸው። አንዱ ክፍል ጥላ ሲያርፍበት በዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ይታለፍና ሲሠራ 30 የነበረው ቮልቴጅ ወደ 20 ይወርዳል። የእኔ አሮጌ ኢንቨርተር ቻርጀሩ ፒደብሊውኤም የሚባለው ቀላሉ ዓይነት ነው፣ ፓኔሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል። ባትሪው 26 ቮልት ላይ ሆኖ 20 ቮልት ምን ሊያስገባ? ምንም። በጥቂቱ ጥላ ያረፈበት ፓኔል ሙሉ በሙሉ ከሥራ ይወጣል ማለት ነው።

ቀድሞ ያልታየኝ በወቅቱ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ማንጎው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ ደግሞም ዛፍ በየዓመቱ ያድጋል።

ደብተሩን ይዤ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። "እትዬ፣ ይቺን ወደ እኛ የዘነበለችውን ቅርንጫፍ ብቻ ቢፈቅዱልኝ" አልኳቸው። "አበባ ሳይዝ ቁረጠው የኔ ልጅ፣ ካበበ በኋላ ግን እንዳትነካብኝ" አሉኝ። ኅዳር 20 ቀን ቆረጥን። በቀጣዮቹ ሳምንታት አማካዩ 3.6 ደረሰ። ባትሪዎቹ እስካሁን እነዚያው ናቸው።

ቁጥሩን ለማንበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥር ላይ አንድ እሑድ 2.1 ብቻ ሲመዘገብ ደነገጥኩ። ለካ ያን ዕለት ስፌት አልነበረም፣ ባትሪው 5 ሰዓት ላይ ሞልቶ ኢንቨርተሩ ከፓኔሉ መቀበል ቀንሷል። ሜትሩ የሚያሳየው የገባውን ነው፤ ፓኔሉ ሊያስገባ ይችል የነበረውን አይደለም። ስለዚህ አሁን ልጄ ከቁጥሩ ጎን "ሞልቷል" ወይም "አልሞላም" ብላ ትጽፋለች። ባለቤቴም ካውያውን ከ6 እስከ 8 ሰዓት አድርጋዋለች፤ ባትሪውን ሳትነካ ከጣሪያው በቀጥታ ትተኩሳለች ማለት ይቻላል። ምጣድ ግን በዚህ አቅም አይታሰብም።

ሌላው ያስደነገጠኝ የኢንቨርተሩ የራሱ ፍጆታ ነው። አንድ ማታ ብሬከሮቹን ሁሉ አጥፍቼ በባትሪው ሽቦ ላይ ክላምፑን ሳደርግ 1.4 አምፒር አነበበ። በ25 ቮልት 35 ዋት ነው፤ በ24 ሰዓት 0.84 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በደካማ ቀን ከምናመርተው ከሲሶ በላዩን ምንም ሳይሠራ ይበላል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ከ5 ሰዓት እስከ ንጋት እናጠፋዋለን።

ስለ ጉድለቶቹ ልናገር። ትልቁ፣ የየቀኑን ለይቶ አያስቀምጥም፤ ድምሩን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ያለ ደብተር ዋጋው ግማሽ ነው። ኃይሉን ከፓኔሉ ስለሚወስድ ሲመሽ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ድምሩ ግን አይጠፋም፤ ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል። ባትሪው ሲሞላ ቻርጀሩ እየቆራረጠ ስለሚያስገባ ቁጥሩ ይዘላል፣ ያኔ አላምነውም። ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ በመክፈቻው ገብቶ ስክሪኑን ሸፍኖት ነበር፣ በሲሊኮን ዘጋሁት። ከሁሉ የከፋው የካቲት ላይ የሻንቱ አንድ ብሎን ላልቶ ሽቦው መቃጠል መጀመሩ ነው፣ ሽታው ነው የነገረን። ከ30 አምፒር በላይ የሚያልፍበትን ብሎን በየወሩ፣ የፓኔሉን ብሬከር አጥፍታችሁ፣ አጥብቁት።

መጋቢት ላይ አቧራው ሲበረታ ከፍተኛው ንባብ 27 አምፒር ነበር። ማለዳ ፓኔሉ ሳይሞቅ በውኃና በጨርቅ ሳጸዳው 30 ሆነ፤ የሐይቅ ወፎች ኩስ በተለይ ደርቆ ከቀረ አንድ ሴል ላይ ጥላ ነው። ክረምቱ ሲገባ አማካዩ ወደ 2.3 ወረደ። የዓመቱ ከፍተኛ ንባብ፣ 34 አምፒር፣ የተመዘገበው ግን በሐምሌ ነው! ዝናቡ ፓኔሉን አጥቦት፣ ፀሐይ ከአናት ላይ ሆና፣ የነጭ ደመና ጠርዝ ብርሃን እየጨመረላት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብልጭ ብሎ ነበር።

አሮጌ ኢንቨርተር ያላችሁ፣ ባትሪ ወይም ፓኔል ግዙ ስትባሉ መጀመሪያ ይህን አስገጥማችሁ አንድ ወር ጻፉ። እኔ ቀጥሎ ሁለተኛ ሻንት በባትሪው በኩል ላስገባ ነው፤ ማታ ስንት እንደሚወጣ ገና በግምት ነው የማውቀው።