ለትንሽ ላፕቶፕ የሞባይል ዳታ፦ ስልክ፣ ዶንግል፣ የኪስ ዋይፋይ ወይስ የውስጥ ካርድ?

ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ የሚሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ካፌ ገብቶ ሥራ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፣ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ያኔ የሚቀረው የሞባይል ዳታ ነው።

አብዛኞቻችን የምናደርገው ስልካችንን ሆትስፖት ማድረግ ነው። ተጨማሪ ዕቃም ሆነ ሌላ ፓኬጅ አያስገዛም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው የአንዱ ኔትወርክ ሲደክም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ወደ ሌላው ይዞራል። ይህን ሌሎቹ ሦስት አማራጮች እንዲህ በቀላሉ አይሰጡም። ችግሩ ስልኩ መጋሉና ባትሪው ቶሎ ማለቁ ነው። መፍትሔው ኬብል ነው፤ አንድሮይድ ላይ የዩኤስቢ ማጋሪያውን ስታበሩ ስልኩ ዳታ እየሰጠ ቻርጅ ያደርጋል። መብራት በሌለበት ግን የሚስበው ከላፕቶፑ ባትሪ ነው።

ዶንግል ባትሪ አይፈልግም፣ ሲሙን ይዞ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። ለትንሽ ላፕቶፕ ግን አልመርጠውም። ካሉት ሁለት ፖርቶች አንዱን ይይዛል፤ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀርም ሚኒባስ ውስጥ የሰው ክርን ከነካው ፖርቱ ይጎዳል። የግድ ካላችሁ ሥሪ ጂ ብቻ የሆነውን ተዉና ፎር ጂ የሚለውን ውሰዱ።

የኪስ ዋይፋይ፣ ማለትም የራሱ ሲምና ባትሪ ያለው ትንሽ ራውተር፣ የሚያዋጣው ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ፓኬጅ ስትካፈሉ ነው። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ግን ቻርጅ የሚደረግ ሌላ ዕቃ መጨመር ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው የውስጥ ካርዱን፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ ገብቶ በሲም ዳታ የሚያገናኘውን ትንሽ ካርድ ነው። ላፕቶፑን ከፍታችሁ ወዲያው ሥራ ትጀምራላችሁ፤ የሚሰካም የሚንጠለጠልም ነገር የለም። ያገለገሉ ባለ 12 ኢንች ቲንክፓድ፣ ላቲቱድና ኤሊትቡክ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ቦታው አላቸው። ለምሳሌ ሲየራ ዋየርለስ ኢኤም 7455 የተባለው ካርድ 30 በ42 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን እስከ 300 ሜጋቢት በሰከንድ ማውረድ ይችላል።

ነገር ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም። በስክሪኑ ዙሪያ የሚዞሩ ሁለት የአንቴና ገመዶች ያስፈልጉታል፤ ፋብሪካው ያላስገባባቸው ላፕቶፖች አሉ። እኔ የሲም ማስገቢያውን አይቼ ብቻ ካርድ ገዛሁ፤ ክዳኑን ስከፍት ገመድ የለም። ገንዘቤ እንዲሁ ቀረ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የታች ክዳኑን እንዲከፍት ጠይቁ፤ ባዶው የካርድ ቦታ አጠገብ ጫፋቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ካሉ ደህና ነው። እሺ ካላለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሌላው የባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ክልከላ ነው። አንዳንድ አሮጌ ቲንክፓዶች የማያውቁት ካርድ ሲገባባቸው 1802 የሚል ስህተት አሳይተው አይነሱም። ስለዚህ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ካርድ ፈልጉ፤ እዚያው ሱቅ አስገብታችሁ፣ የራሳችሁን ሲም ከትታችሁ፣ አንድ ገጽ ሲከፍት ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።

በየትኛውም መንገድ ብትገናኙ ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (ዳታው ውስን ነው የሚል ምርጫ) አድርጉት፤ ካልሆነ አፕዴቱ ፓኬጁን ይበላዋል።