ለሁለት ተጓዦች አንድ ሞተርሳይክል ወይስ ሁለት?

ተራራማ አገሮችን ለሳምንታት ለማቋረጥ ያሰቡ ጥንዶች መጀመሪያ የሚከራከሩት በዚህ ነው።

ወጪ፦ አንዱ ይረክሳል። ኢንሹራንሱም፣ ጎማውም፣ የጉምሩክ ወረቀቱም አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሲሆኑ ነዳጅ ካልሆነ በቀር ሁሉም እጥፍ ነው፤ ቀለል ያሉ ሞተርሳይክሎች ነዳጅ ይቆጥባሉና።

አቀበት፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በታጂኪስታን የፓሚር ጎዳና የአክ ባይታል ማለፊያ 4,655 ሜትር ከፍታ አለው። እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ሁለት ሰውና ሻንጣ የጫነ ሞተርሳይክል በጠጠር መንገድ ላይ ያቃስታል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሚያመዝን የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል። የኋላውን ሞላ (ክብደቱን የሚሸከመውን ስፕሪንግ) ሳያጠብቁ መነሳት፣ በእኔ እምነት፣ ስንፍና ነው።

ቁልቁለት፦ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የኋለኛው ሄልሜት የፊተኛውን ኳ ያደርገዋል። በቀን መቶ ጊዜ! ለየብቻ የሚነዱ ከዚህ ይድናሉ።

ብልሽት፦ ሁለት ከሆኑ አንዱ እርዳታ ፍለጋ ይሄዳል። ግን ሁለተኛው ሰው ጀማሪ ከሆነ አደጋው ራሱ እሱ ነው።

አስፋልቱ ደህና በሆነበት፣ ለምሳሌ በጣሊያን ስቴልቪዮ ማለፊያ (2,757 ሜትር)፣ አንዱ ይበቃል፤ ከኋላ የተቀመጠው መልክዓ ምድሩን እንደ ልቡ ያያል። ጠጠርና ወንዝ መሻገር ለሚበዛበት፣ ሁለቱም መንዳት ለሚችሉ ግን ሁለት ቀላል ሞተርሳይክሎች ይሻላሉ። ወገቡን የሚያመው ተሳፋሪ ካለ ደግሞ መኪና ይከራዩ።