የሚቆፍር ወይስ የማይቆፍር? ሳላማንደር ለመግዛት ላሰባችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች

ሳላማንደር በአገራችን ዱር ውስጥ የለም። ጅራት ያለው የእንቁራሪት ዘመድ ነው። እንሽላሊት ይመስላል፤ ግን እንሽላሊት ፀሐይ ሲሞቅ ሳላማንደር ከፀሐይ ይሸሻል። ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ይማረካል። እኔ ግን ከቀለሙ በፊት ይህን ጠይቁ እላለሁ፦ ይቆፍራል ወይስ አይቆፍርም? ገንዳውም አፈሩም ወጪውም የሚወሰነው በዚህ ነው።

ቆፋሪው ታይገር ሳላማንደር ነው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። በፊት እግሮቹ አፈሩን እየገፋ ይገባና ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። ሲመሽ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርግና የምድር ትል ይጠብቃል። ጀማሪዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። «ታሞ ይሆን?» እያሉ በየቀኑ ቆፍረው ያወጡታል። አታውጡት! መቀበሩ ጤናው ነው። የሚያሳስበው ቀን ቀን ደጋግሞ ላይ መዋል ሲጀምር ነው። ያኔ አፈሩ ደርቋል፣ ወይ ጨቅይቷል፣ ወይ ሞቋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለታይገር ገንዘባችሁን አፈሩ ላይ አውሉት። ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩት፦ ስትጨብጡት ቅርጹን ይያዝ፣ ውሃ ግን አይንጠብጠብ። ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ብቻውን እርጥበት ይይዛል፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ግን ይናዳል። ንጹሕ የአትክልት አፈር ሲቀላቀልበት ይጸናል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻውን አይሆንም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ቆዳውንም ይፍቃል። ጠጠር ጨርሶ አታስገቡ፤ ከምግብ ጋር ይውጠዋል። የሐረር ሰዎች ደግሞ አደራ፣ ከጫት ማሳ አፈር አታምጡ። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ሳላማንደር ደግሞ የነካውን ሁሉ በቆዳው ይመጥጣል።

ፋየር ሳላማንደር የአውሮፓ ነው። ጥቁር ላይ ደማቅ ቢጫ ስላለው ከሁሉም ያምራል። እሱ ብዙም አይቆፍርም፤ ቅጠልና ግንድ ሥር ይደበቃል። ስለዚህ ከታይገር ያነሰ አፈር ይበቃዋል፤ ከላይ ግን የደረቀ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት ይፈልጋል። ቆዳው መርዝ ያመነጫል፤ የነካ ሰው እጁን ይታጠብ። ከ20 ዲግሪ በላይ አይመቸውም።

አክሶሎትል የተባለው ሳላማንደር ከናካቴው አይቆፍርም። የሜክሲኮው የሾቺሚልኮ ሐይቅ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። አፈር አያስፈልገውም፤ ባዶ ወለል ወይም ደቃቅ አሸዋ ይበቃዋል። ሁልጊዜ ስለሚታይ ልጆች ይወዱታል። የድሬ ውሃ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) መሆኑ አያሳስበውም፤ ክሎሪኑን ግን ማስወገድ ግድ ነው። የሚገድለው ሙቀት ነው። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው፤ 24 ካለፈ አደጋ ላይ ነው።

ከተሞቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። ጀጎል ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት፣ ምድር ቤቱ ቀትር ላይም ቀዝቀዝ ይላል። ጥልቅ አፈር ያለበት ገንዳ እዚያ ቢቀመጥ ታይገር ይስማማዋል። የእኔ ምርጫም ይኸው ነው፦ ለሐረር ታይገር። ከላይ ሲሞቅበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይህ መሸሻ የላቸውም።

ለድሬ ግን በግልጽ ልናገር። ከዚራም ሁኑ ሳቢያን፣ በሙቀቱ ወራት ክፍሉ ሌሊትም አይበርድም። አፈሩ ራሱ ይሞቃል። አክሶሎትል የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል። የበረዶ ላስቲክ መክተት ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳል እንጂ ወራት አያሻግርም። ጀነሬተርና ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ አንዱንም አትግዙ።

ከውጭ ለማስመጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አክሶሎትል ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ከሚደረግበት ዝርያ ነው። ሻጩን ወረቀቱን ጠይቁት፤ በሰው እጅ የተራባ እንጂ ከዱር የተያዘ አለመሆኑንም አረጋግጡ። ሰለቸን ብላችሁም ወንዝ ዳር አትልቀቁት፤ የገንዳውንም ውሃ ወደዚያ አትድፉ። ቆዳ ላይ የሚያድግ ፈንገስ ሊይዙ ይችላሉ፤ የእኛን እንቁራሪቶች ሊጨርስ ይችላል።