የአያታችንን ምርቃት ቀርጾ ላስቀረልን ቪዲዮ አንሺ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

የእህቴ የሰርግ ቪዲዮ ትናንት ማታ ደረሰን። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስበን አየነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተነሥቼ ይህን እጽፋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ወንድሜ ሲያገባ ሌላ ሰው ቀጥረን ነበር። ቀብድ ተቀብሎ ስምንት ወር አመላለሰን። በመጨረሻ ያስረከበን ቪዲዮ ራስ ያዞራል፤ ወደ ሰው ፊት ይወረወራል፣ ወዲያው ይሸሻል፣ ከሚዜዎቹ ወደ ኬኩ፣ ከኬኩ ወደ ጣሪያው ይሽከረከራል። ሙሽሮቹ የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ካሜራው የአዳራሹን መብራት ሊያሳየን ዞረ! ሲመለስ አባቴ እንባውን ጠርጎ ጨርሷል። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ያንን ደቂቃ ማን ይመልስልናል?

ስለዚህ ጎረቤታችን ይህን ልጅ ስትጠቁመን ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ከሰርጉ በፊት ቤታችን መጥቶ ሚዜዎቹ የሚገቡበትን በርና አያታችን የሚቀመጡበትን ቦታ አይቶ ሄደ።

በዕለቱ አያታችን የዓይን ሞራ ከተገፈፈላቸው ገና አንድ ወራቸው ነበርና የካሜራው መብራት አስጨነቃቸው። ማንም ሳይነግረው አጠፋው። መጋረጃውን ገልጦ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጋና «እማማ፣ ቀስ ብለው ይመርቁ፤ እኔ አልቸኩልም» አላቸው። ደጅ «አናስገባም ሰርገኛ» ይዘፈናል፣ ሰው ሁሉ ይጣደፋል፤ እሱ ግን ረጋ ብሏል።

አሁን ቪዲዮው ላይ ካሜራው ከፊታቸው ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል፦ ነጠላቸው፣ የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው፣ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ የተደፋችው እህቴ። እዚያ ሲደርስ ይቆማል። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው እስኪጨርሱ ንቅንቅ አይልም።

«እንደ ሌሎቹ ለምን ዙም አታደርግም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ዙም ሳደርግ ሥዕሉ ብቻ ነው የሚቀርበው፤ በእግሬ ስቀርብ ተመልካቹም አብሮኝ ይገባል» አለኝ። ስለ ዕቃዎቹም ብዙ ነግሮኛል፤ አልገባኝም። ውጤቱን ግን አየሁት፤ ሚዜዎቹን ተከትሎ እየተራመደ ሲቀርጽ እኛም በሩን አብረናቸው ያለፍን ይመስላል። እልልታው ወደተሰማበት ሲዞር እንኳ በእርጋታ ስለሆነ የእያንዳንዷ ጎረቤት ፊት ይለያል።

አያታችን «ያንን ልጅ ጥሩልኝ፣ ቡና ላፍላለት» እያሉ ነው። እውነትም ይገባዋል። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ሳይያዝባችሁ ከአሁኑ አነጋግሩት። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።