ጥቁር ጨርቅ ያለው የፀሐይ ውሃ ማጣሪያ፦ ለካውያ ግሩም፣ ጀሪካን ግን አይሞላም

ቱሉ ዲምቱ ላይ ላውንደሪ አለኝ። የጉድጓዱ ውሃ ሳሙና ቢፈጅም ለማጠቢያ ይሆናል። የእንፋሎት ካውያ ውስጥ ሲገባ ግን ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ብሶበት ደግሞ ዝቃጩን በደንበኛ ጥቁር ሱፍ ላይ ይተፋዋል። ስለዚህ የባትሪ ውሃ እየገዛሁ ነበር የምሞላው። በቅርቡ ግን የሰፈራችን የብረት ሥራ ልጆች የሚሠሩትን የፀሐይ ማጣሪያ ተከራክሬ በ12,000 ብር ገዛሁ።

ግማሽ ካሬ ሜትር የሚሆን የላሜራ ሳጥን ነው፤ ከላይ ዘንበል ያለ መስታወት አለው። ውስጡ ውሃው ላይ ፎም ይንሳፈፋል፣ ፎሙ ላይ ጥቁር የጥጥ ጨርቅ ተነጥፎ ጫፎቹ ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ጨርቁ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የድሮዎቹ ማጣሪያዎች ገንዳ ሙሉ ውሃ ሲያሞቁ ይውላሉ። ይሄኛው ጥቁር ጨርቅ ግን ብርሃኑን ውጦ ሙቀቱን የሚሰጠው ላዩ ላይ ላለችው ስስ እርጥበት ብቻ ነው፤ ፎሙም ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሰርግ ያግዳል። መፍላት አያስፈልገውም። እንፋሎቱ መስታወቱን ሲነካ ጤዛ ይሆናል፣ ጠብታዎቹ እየተያያዙ ይንሸራተቱና ወደ አሸንዳዋ፣ ከዚያም በቀጭን ጎማ ወደ ጀሪካኑ ይወርዳሉ። ረፋድ ላይ ቆሜ የማየው ይኸንን ነው፤ ደንበኛ ይጠብቅ።

«እትዬ፣ የቀይ ባሕር ውሃ ቢጨምሩበት እንኳ ንጹሕ ነው የሚሰጥዎት» ብሎኝ ነበር ሻጩ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ከዚያም በለጥ ይላል። እኔም ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው እያሰብኩ በጥብጬ ሞላሁት። የወጣውን ቀመስኩት፤ ጨው የሚባል የለውም። በዚህ ልጁ አልዋሸም። ጨርቁ ግን አመሻሽ ላይ ዳር ዳሩ ነጭ ፍሬ ፍሬ ጨው አብቅሎ ድርቅ ብሏል። ጨው የያዘው ቦታ ውሃ አይስብም፣ ነጭ ስለሆነም ብርሃኑን ይመልሳል። በየአገሩ እንዲህ ያለ ጨርቅ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። በጉድጓድ ውሃ ሲሆን ቅርፊቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ያም ሆኖ ጨርቁን እያወጡ በአቼቶ መዘፍዘፍ ግድ ነው። መስታወቱ በሲሊኮን ስለታሸገ ደግሞ ለማውጣት ቢላ ይዞ መፋቅ፣ እንደገና ማሸግ... አስለቃሽ ሥራ ነው።

የዋሸኝ በውሃው ብዛት ላይ ነው። «በቀን 10 ሊትር» ነበር ያለኝ። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ፀሐይ በደህና ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታወርደው ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለግማሽ ካሬ ሲሰላ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ 4 ሊትር ገደማ። ታኅሣሥ ላይ የዚያን ግማሽ አገኛለሁ፤ ሐምሌንማ አታንሱት። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢጠቁር ፀሐይዋ ከሰጠችው በላይ ከየት ያመጣል? በ1872 ቺሊ በረሃ ውስጥ ለማዕድን ቦታ የተሠራው ማጣሪያ 4,700 ካሬ ሜትር ያህል ይዞ በቀን ወደ 23,000 ሊትር ይሰጥ ነበር፤ በካሬ 5 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። የኔውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ከዚህ ለማለፍ እንፋሎቱ ጤዛ ሲሆን የሚለቀውን ሙቀት በሌላ ንብርብር እንደገና ማሠራት ይቻላል፤ እሱ ግን በ12,000 ብር አይገኝም።

ለካውያና ለመኪና ባትሪ ከሆነ ግዙት፤ እኔ የባትሪ ውሃ መግዛት ትቻለሁ። ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቴን ግን ተይ ብያታለሁ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ እንኳ በቅጡ አይሞላላትም። መቂ አካባቢ ላለችው እህቴ ነገሩ ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚለው 1.5 ሚሊግራም በሊትር አልፎ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ፍሎራይድ ደግሞ እንደ ጨው ከታች ነው የሚቀረው። ለልጆቹ መጠጥ ብቻ ብላ ብትገዛው አያስቆጭም።

እንደተገዛ የሚወጣው ውሃ ሲሊኮን ሲሊኮን ይላል፤ ሽታው እስኪጠፋ ወለል እጠቡበት። ሁለተኛ ሳጥን ካዘዝኩ መስታወቱ በማጠፊያ የሚከፈት እንዲሆንና ትርፍ ጨርቅ አብሮ እንዲመጣ ነው የምነጋገረው፤ ካልሆነ ብሩ ይቀመጥልኝ።