ለመታረቅ ቡና ይሻላል ወይስ የደብር ደን?

ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ ለከረመ ሰው ቡናን የሚያህል የለም። ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም፤ "ኑ ቡና ጠጡ" የሚል ልጅ ይበቃል። በአቦል ሁለቱም ፈንዲሻውን እያዩ ዝም ይላሉ። በቶና የስኳር መወደድ ይነሳል። በረካ ሲቀዳ ግን አንዱ "ያን ቀን እኮ..." ብሎ ይጀምራል። ሦስት ዙር የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ኩርፊያ በአንድ ሲኒ አይለቅም። ዕጣኑና ቄጤማውም ያግዛሉ።

የደብር ደን ሌላ ነው። ደቡብ ጎንደር ብትሄዱ፣ ታርሶ በተራቆተ መሬት መሃል ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው ቤተ ክርስቲያኑን ከበው ታያላችሁ። ዛፎቹ የተረፉት ቅጥሩ ስለሚከበር ነው። ከፀሐይ ወደ ጥላው ሲገቡ ቅዝቃዜው ወዲያው ይሰማል። የሚያናግር ሰው የለም፣ ወፍ ብቻ። ከራስና ከፍጥረት ጋር ለመታረቅ እሱን እመርጣለሁ።

ለሰው ጸብ ግን ደኑ ብቻውን አይሆንም። እኔ አንዴ ሞክሬዋለሁ። ልቤ ረግቶ ተመለስኩ፤ ጎረቤቴን በር ላይ ሳገኛት ግን አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት። በማግስቱ ቡና አስፈላሁ።