ያገለገለ ሳምሰንግ ራም ለአሮጌ ኤችፒ ዴስክቶፕ፦ «አዲሱን» ትቼ አሮጌውን ለምን ገዛሁ?

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ ውስጥ ኤችፒ ኤሊት 8300፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ወይም የዚያ ዘመን ዴስክቶፕ ካለ፣ ከሌላ የቢሮ ኮምፒውተር የተነቀለ ሳምሰንግ ወይም ሃይኒክስ ራም (ኮምፒውተሩ የከፈታችሁትን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ግዙለት። በቀይ ቆርቆሮ ተሸፍኖ «አዲስ ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ስም የለሽ ራም ተዉት። አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ።

ማሽኑ የእህቴ ነው። ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አላት። የምትሠራበት ኤሊት 8300 ነው፣ ፕሮሰሰሩ በፈረንጆቹ 2012 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5-3470፣ ሦስተኛ ትውልድ የሚባለው። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ሁለት ፍሬ፣ በድምሩ 4 ጊጋ ብቻ ነበር። የኮፒ ቤት ሥራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ «በቴሌግራም ልኬልሻለሁ» ይላል፣ ሌላው የፓስፖርት ፎቶውን ጀርባ ነጭ አድርጊልኝ ብሎ ይቆማል። ክሮም፣ ቴሌግራም፣ ዎርድ ከነፓወር ግዕዙ፣ ላዩ ላይ ፎቶሾፕ ሲጨመርበት ማሽኑ ቀጥ ይላል። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሜሞሪው ጣሪያ ነክቷል። ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማከማቻ) ቀደም ብሎ ስለገባለት የቀረው ችግር ራም ብቻ ነበር። እናንተ ጋ ገና ሃርድ ዲስክ ከሆነና ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲውን ግዙ፣ ራሙ ይደርሳል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ማሽኑ ምን ዓይነት ራም እንደሚቀበል እወቁ። ሲፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ኤስፒዲ የሚለውን ገጽ ስትከፍቱ የገባውን ራም ዓይነት፣ መጠን፣ ፍጥነትና አምራች ስሎት በስሎት (ራሙ በሚሰካበት በእያንዳንዱ ቦታ) ያሳያችኋል። 8300 የሚቀበለው ዲዲአር3 የሚባለውን የራም ትውልድ ነው። አራት ስሎት አለው፣ እያንዳንዱ እስከ 8 ጊጋ፣ በድምሩ 32 ጊጋ ይቀበላል። ግን ይሄ የትልቁና የመካከለኛው ካዝና (የኮምፒውተሩ ኬዝ) ነገር ነው። አልትራ ስሊም የምትባለዋ ትንሿ 8300 የላፕቶፕ ራም ነው የምትወስደው፣ ስሎቷም ሁለት ብቻ ነው። ትንሿ ኦፕቲፕሌክስ 7010ም እንደዚያው። ስለዚህ «የ8300 ራም ስጠኝ» ማለት አይበቃም፣ ካዝናውን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። የ8300ን ጎን ለመክፈት ካቻቢቴ እንኳን አያስፈልግም።

እኔ ማሽኑን ይዤ ነው የሄድኩት። ሸክም ነው፣ ግን ዩዝድ ዕቃ ሳይሞከር አይገዛም። መገናኛ ካሉት ህንጻዎች በአንዱ የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ልጅ ትሁት ነው፣ ገና ሳልጨርስለት ቀይ ቆርቆሮ የለበሰ 8 ጊጋ ራም አወጣ።

«ብራዘር፣ ይሄ ጌሚንግ ራም ነው። ዲዲአር3 የሚል ላይ ሁሉ ይሠራል።»

ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የአምራች ስም የለውም። ሌብሉ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ኤኤምዲ ይላል፣ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ፕሮሰሰር ሠሪ ስም ነው።

«ይሄ ለኤኤምዲ ብቻ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ራም ራም ነው!»

እንግዲያው እንሞክረው አልኩት፣ ደስ ብሎት ሰካው። የፓወር ቁልፉ መብራት ቀይ ሆኖ አምስት ጊዜ ብልጭ አለ፣ ከውስጥ አምስት ጊዜ ጢጥ ጢጥ አለ። ትንሽ አረፈና እንደገና አምስት። እነዚህ የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ራሙ አልተስማማኝም የሚሉት እንደዚህ ነው። ልጁ ስሎት ቀየረ፣ በአፉ እፍ አለበት፣ ያው አምስት።

ራሙ ተበላሽቶ አይደለም። እነዚህ ርካሽ የ8 ጊጋ ዲዲአር3ዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ባለ 4 ቢት ቺፕ (እያንዳንዱ ባንድ ጊዜ 4 ቢት ዳታ ብቻ የሚያቀብል) ተደርድሮ ነው። የዚያ ዘመን የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ባለ 8 እና ባለ 16 ቢት ቺፕ ነው የሚያውቁት፣ ባለ 4 ቢቱን ማስተናገድ አይችሉም። የኤኤምዲ ማሽኖች ግን ይቀበሉታል። በዓይን ስታዩት ልዩነት የለውም፤ ፒኑ 240፣ መሃል ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ያው፣ ቺፑ በግራና በቀኝ ስምንት ስምንት። ቆርቆሮ ሲለብስበት ደግሞ ጭራሽ አይታይም። የዲዲአር3 ራም የሚሞቅ ነገር እኮ አይደለም፣ ያ ቆርቆሮ ለቢሮ ማሽን ጌጥ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቺፑን ለመደበቅ ካልሆነ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ሌላ ሱቅ ደግሞ ዋጋው በጣም የወረደ የሳምሰንግ 8 ጊጋ አሳዩኝ። ኦሪጅናል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን የሰርቨር (የድርጅት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ነው። ይሄንን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው፣ ሌብሉን ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፒሲ3-12800 ከሚለው ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ዩ ከሆነ የዴስክቶፕ ነው። አር ከሆነ የሰርቨር ነው፣ ኮር አይ3፣ አይ5፣ አይ7 ባለው ዴስክቶፕ ላይ ስሎቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል ግን ማሽኑ አይነሳም። ኢ ከሆነ ስህተት የሚያርም ራም ነው፣ አንዳንዱ ማሽን ላይ ይሠራል አንዳንዱ ላይ አይሠራም፣ እኔ አልገዛውም። ሌብሉ ተልጦ ከሆነ ቺፑን ቁጠሩ። በአንድ ጎን ስምንት ከሆነ የተለመደው ነው፣ ዘጠኝ ከሆነ የሰርቨር ዘመድ ነው። የሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ ከመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ይታወቃል፦ ኤም378 የዴስክቶፕ፣ ኤም393 የሰርቨር፣ ኤም471 የላፕቶፕ።

12800 የሚለው ቁጥር ያስደነግጣል ግን ፍጥነት ነው፣ ባለ 1600 ሜጋኸርዙ ማለት ነው። 10600 ካለ 1333፣ 8500 ካለ 1066። ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር ብትቀላቅሉ ችግር የለም፣ ሁሉም በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። ሁለተኛ ትውልድ ኮር ያለው ማሽን ላይ ደግሞ 1600 ብትሰኩም ከ1333 አያልፍም፣ ስለዚህ 10600ውን በቅናሽ ካገኛችሁ ውሰዱት። ፒሲ3ኤል (ዲዲአር3ኤል ማለት ነው) የሚል ካገኛችሁም አትሽሹት። በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው፣ ግን በተለመደው 1.5 ቮልትም ስለሚሠራ ለ8300 ይሆናል። ተቃራኒው ነው የሚያስቸግረው፤ ዲዲአር3ኤል ብቻ የሚፈልግ ማሽን ላይ የ1.5 ቮልቱን መስካት።

በመጨረሻ ሦስተኛው ሱቅ፣ ምድር ቤት ያለ ጥገና ቤት ነው፣ ከተገነጣጠሉ የቢሮ ዴስክቶፖች የተነቀሉ ራሞች ካርቶን ሙሉ አወጡልኝ። ሁለት አንድ ዓይነት የሳምሰንግ 8 ጊጋ መረጥኩ፣ ሁለቱም ኤም378፣ ሁለቱም 12800ዩ። የወርቅማ ፒናቸው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ነበር፤ ባለሙያው ላጲስ አውጥቶ ቀስ እያለ ፈተጋቸው፣ ብናኙን በብሩሽ ጠረገ፣ ያኔ አብረቀረቁ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ የፓወር ቁልፉን አንዴ ተጫነ፣ የቀረውን ኤሌክትሪክ ለማስወጣት። ይሄን ያደረገ ባለሙያ ስላየሁ ብቻ ደስ አለኝ። ማሽኑ ጠፍቶም ገመዱ ካልተነቀለ ስሎቱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፣ ስንቱ ራም በዚህ ተቃጥሏል።

አንድ ቀለም ባላቸው ስሎቶች ላይ አንድ አንድ ሰካ። ይሄም ዝም ብሎ አይደለም። ሁለት እኩል ፍሬ በሁለቱ መስመር ሲገቡ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም ባንድ ጊዜ ያነባል። ማሽኑ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ከሌለው፣ የእህቴም የላትም፣ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ከዚሁ ራም ተቆርሶ ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል። ስለዚህ 16 ጊጋ ከፈለጋችሁ ሁለት 8 ግዙ። 8 ጊጋ ከበቃችሁም አንድ 8 ከመግዛት ሁለት 4 ይሻላል፣ ነገ እጨምራለሁ ካላላችሁ በስተቀር። ስትሰኩ ግን ጠንከር አድርጉ፣ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ ብሎ ክሊፑ ራሱ ካልተዘጋ አልገባም።

ሲበራ ስክሪኑ ላይ 164 የሚል ቁጥርና የሜሞሪ መጠን ስህተት የሚል ጽሑፍ መጣ። አትደንግጡ፣ ኤችፒ የራሙ መጠን ተቀይሯል ማለቱ ነው። ኤፍ1 ተጫኑት፣ ያልፋል። ዊንዶውሱ 16 ጊጋ አነበበ። ሲፒዩ-ዚ ላይ ሳምሰንግ፣ 8 ጊጋ፣ 1600 ይላል ሁለቱም ስሎት ላይ። ሌብሉ ሌላ፣ ሲፒዩ-ዚ ሌላ ቢናገር ኖሮ እመልሰው ነበር። ሌብል ዛሬ ማንም ያትመዋል።

ቤት ወስጄ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነስቼ ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩት። መብራት እንዳያቋርጠው ዩፒኤስ ላይ ነው ያደረግኩት። አንድም ቀይ መስመር አልወጣም። ዩዝድ ራም ስትገዙ ይሄን ፈተና እዚያው የዋስትናው ጊዜ ውስጥ ጨርሱት። ሱቁ አጭር ዋስትና ነው የሰጠኝ፣ ያውም በቃል ሊያልፈው ነበር፣ ደረሰኙ ላይ አስጽፌዋለሁ። አንድ ኮከብ የምቀንሰው በዚህ ነው።

አሁን ፎቶሾፕና ክሮም አብረው ይሠራሉ፣ እህቴ ደንበኛ ፊት «ቆይ ትንሽ ሃንግ አድርጓል» ማለቷን ትታለች። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፣ ትልቅ ፋይል ሴቭ ሲደረግ አሁንም ያስጠብቃል። ራም አሮጌን ፕሮሰሰር ወጣት አያደርግም።

ዋጋ ለምን አልጻፍክም የምትሉ ትኖራላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚለዋወጥ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውንም እዩ፣ ግን ቴሌግራም ላይ ሌብሉን ፎቶ አንስቶ የማይልክላችሁን ሻጭ እለፉት።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ብር ማፍሰስ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። የሦስተኛ ትውልድ ኮር ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከፈቀዳቸው ውስጥ የለም። እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፣ እስከ 16 ጊጋ ድረስ። 32 ጊጋ እዚህ ማሽን ላይ መሙላት ግን ብር ማባከን ነው፣ በዚያ ብር ላይ ጨምራችሁ የተሻለ ዩዝድ ዴስክቶፕ ፈልጉ።

ከዚህም ያረጀ ማሽን ያላችሁ፣ ኮር 2 ዱዎ ከጂ41 ማዘርቦርድ ጋር ማለቴ ነው፣ ሕጉ ይለያል። ዲዲአር3 ቢሆንም እያንዳንዱ ስሎት ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ 4 ጊጋውም በሁለት ጎን ስምንት ስምንት ቺፕ ያለው መሆን አለበት። አዲስ የሚመጡት በአንድ ጎን ብቻ ስምንት ቺፕ ያላቸው 4 ጊጋዎች እዚያ ላይ አይሠሩም። ዲዲአር2 ከሆነ ማሽኑ፣ ራሙን ተዉት።

የወጡትን ሁለት የ2 ጊጋ ፍሬዎች ባለሙያው በምንም አይገዛም። እህቴ ስካነር ብቻ የሚሠራ አንድ ጂ41 ማሽን በሩ አጠገብ አላት። እዚያ ላይ ሰካኋቸው፣ ሁለቱንም ተቀበለ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ስለሆነ 4 ጊጋውንም ሙሉ አያየውም፣ 3 ጊጋ ከምናምን ይላል። ለስካነር ይበቃል።